የፋብሪካ አፍ

«መርፌ» የሚለውን ስም ያወጣላት አጎቷ ነው። ገና ሕፃን ሳለች፣ አጎትየው ራት ላይ ተቀምጦ ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና ቁልቁለት ለቁልቁለት እንዴት አድርጎ እንዳወረደ ሲተርክ፣ እሷ ከእናቷ ጉያ ቀና ብላ፣ «ፍሬን የሌለውማ ወሬህ ነው» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎትየው ደረቱን ይዞ እንደ ተወጋ ሰው ወደ ኋላ ተለጠጠና፣ «ይቺ ልጅ አይደለችም፣ መርፌ ናት!» አለ። ከዚያ ወዲህ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት አስተማሪዋ ብቻ ሆነ።

የዚያ ቤት ሀብቱ ወሬ ነበር። ክፍሎቹ ሁለት ናቸው፤ ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን ይደገፋል፤ ማታ ማታ ግን ዙሪያውን የሚቀርበው ወሬ ለሰፈር ይተርፋል። እናትየው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ትሠራለች። አጎትየው የእናቷ ታናሽ ወንድም ሲሆን ታክሲ ይነዳል፤ ከጎናቸው ተከራይቶ ይኖራል፣ የሚበላው ግን እነሱ ዘንድ ነው። አባትየው ብዙ አያወራም ነበር። ሥራው መስማት ነበር፤ ከሁሉም ኋላ ይስቃል፣ ከሁሉም ረዝሞ ይስቃል። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ወንበሩን ማንም ይነሣ አላለም፣ ማንም አልተቀመጠበትም፤ እያደር የታጠበ ልብስ ማስቀመጫ ሆነ።

መርፌ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ዓለም ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ማውራት የጀመረ መሰላት። አስተማሪው ያልጎመጉማል። ጓደኞቿ ያልጎመጉማሉ። ዜና አንባቢው ሳይቀር የጎረሰውን ሳይውጥ የሚያነብ ይመስላል። «ሰዉ ምን ነክቶት ነው?» ብላ ታዘበች። ችግሩ የሰዉ ሳይሆን የእሷ መሆኑን ያሳበቀባት ማንቆርቆሪያ ነው። አጠገቡ ተቀምጣ ስታነብ ውሃው ፈላ፣ ክዳኑ ዘለለ፣ ፉጨቱ ጎረቤት ድረስ ተሰማ፤ እናቷ ከጎረቤት ቤት እየሮጠች መጥታ ምድጃውን ስታጠፋ መርፌ ገጽ ገለጠች።

ሐኪሙ ጆሮዋን አየ፣ አስመረመረ፣ ወረቀቱን አገላበጠ። ነርቩ ደክሟል አለ። የደከመ ነርቭ ደግሞ አርፎ የሚነሣ ዓይነት አይደለም።

«መድኃኒት የለውም?» አለች እናትየው።

«መድኃኒት የለውም፤ መላ ግን አለው።»

እንግዲህ መላ ፍለጋ ተጀመረ።

የመጀመሪያው መላ ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ ነበር። መርፌ አድርጋው ወደ ቤት ስትገባ አጎትየው በር ላይ ቆሞ፣ «እስቲ አሁንስ?» ብሎ ጮኸ። ዘላ ግድግዳ ነካች። መሣሪያው ሁሉንም አጎላው፤ ሁሉንም ግን እኩል አጎላው። ማንኪያው ሳህኑ ላይ ይጮኻል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ የራሷ ማኘክ እንደ ጠጠር መንገድ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ኋላ አንድ ሰው የሆነ ነገር ያወራል። ባለሙያዋ፣ «አእምሮሽ ቀስ እያለ ይለምደዋል፣ ትዕግሥት ብቻ ያስፈልጋል» ብላታለች። መርፌ ታገሠች። ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ፊት ለፊት ሲሆን በእርግጥ ይረዳታል። ችግሩ ያ ቤት ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ፣ ጸጥ ብሎ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ አያውቅም።

በተለይ አጎትየው። ዕድሜውን ሙሉ ፊቱን ወደ መንገድ፣ ወሬውን ወደ ኋላ ወንበር አድርጎ የኖረ ሰው ነው። ቤት ውስጥም ቢሆን ጥሩው ጨዋታ ላይ ሲደርስ ወይ ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ ወይ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ወይ ይጎርሳል። ሰው ሁሉ ይስቃል። መርፌ፣ «ምን አለ?» ትላለች። «ቆይ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» ይሏታል። በኋላ የሚባለው ሰዓት ደግሞ በዚያ ቤት የግድግዳ ሰዓት ላይ የለም።

እሷን የቆጫት የወፍ ድምፅ ወይም ዘፈን መቅረቱ አልነበረም። የአባቷም ድምፅ አብሮ አልደበዘዘባትም፤ እሱ ጆሮዋ ሳይደክም የተቀመጠ ነው። የቆጫት ተረቧ ነው። ተረብ ጊዜ ይፈልጋል። በጊዜው የወጣ ተረብ ጨዋታ ነው፤ የዘገየ ተረብ ስድብ ነው። ይህን አንድ ማታ ተማረችው። አጎትየው ስለ መኪናው ጎማ ሲያወራ ቆይቶ ነበር፤ እሷ ጎማውን ይዛ ስታዘጋጅ፣ ስትስል ቆየችና፣ «ከተነፈሰው ጎማስ ያልተነፈስከው አንተ ትብሳለህ!» ብላ ወረወረችው። ማንም አልሳቀም። ወሬው ለካ ጎማውን ትቶ ስለ አንድ ባልደረባው እናት መታመም ሆኗል። እናቷ በዓይኗ ተቆጣቻት፤ አጎቷ ደግሞ፣ ከቁጣው የባሰው እሱ ነው፣ ራሷን ዳበስ አደረጋት።

ከዚያ ማታ በኋላ መርፌ ራት ላይ አንገቷን ደፍታ መብላት ጀመረች። እንደ እንግዳ «ጠገብኩ» ብላ ትነሣለች።

ሁለተኛው መላ ወረቀት ነበር። አጎትየው ራሱ አመጣው፤ ጨዋታ ሲያልፋት ይጽፍላታል። አሳቡ ጥሩ፣ ጽሑፉ የዶሮ እግር ነው። ደግሞም ሰው ሁሉ ስቆ ከጨረሰ በኋላ የሚነበብ ቀልድ የቀዘቀዘ ሻይ ነው፤ ይጠጣል፣ ግን ማን ደስ ብሎት?

ሦስተኛው መላ የምልክት ቋንቋ ነበር። በወጣት ማእከሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይሰጣል። የሚያስተምረው መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ይገባና ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። መርፌ ወደደችው። በወሩ በእጇ መተረብ ጀመረች፤ መምህሩንም በሜትሩ ተረበችው፣ እሱም መልሶ ቁመቷን ለክቶ ተረባት። ግን ቤት ስትመለስ ከማን ጋር? አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። እናቷ ቅዳሜ ጠዋት ፈረቃ ላይ ናት። አጎቷ አንዴ አብሯት ሄዶ፣ «መንገድ የዘጋብህን ሹፌር በእጅ እንዴት ነው የሚሰድቡት?» ብሎ ጠይቆ፣ እሱን ብቻ አጥንቶ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ ትምህርት በሌለበት አንድ ቀን እናቷ መነጽሯን ጠረጴዛ ላይ ረስታ ወጣች። መነጽር የሌለው ሸማኔ የተበጠሰ ክር አያይም። መርፌ ይዛው ፋብሪካው በር ደረሰች። ዘበኛው የሆነ ነገር አላት፤ ደገመላት፤ ሰለቸውና ወደ ሽመናው አዳራሽ በጣቱ ጠቆመላት።

በሩን ስትገፋው ድምፁ በመሣሪያው በኩል እንደ ድንጋይ ጆሮዋ ላይ ወደቀ። ነቅላ ኪሷ ከተተችው። ጸጥ አለ። ወለሉ ብቻ በጫማዋ ሥር ይንቀጠቀጣል። ማሽኖቹ ተሰልፈው ይወዛወዛሉ፤ በየማሽኑ መካከል ጆሯቸውን በጥጥ የደፈኑ ሴቶች ቆመዋል። ሁሉም ያወራሉ።

መርፌ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሴቶቹ ከማሽን ማሽን፣ አዳራሹን አቋርጠው፣ ያለ አንዳች ድምፅ ያወራሉ። አንዷ መጀመሪያ እጇን ጉልበቷ አጠገብ ዝቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ስለ ልጄ ላወራ ነው ማለቷ ነው። ሌላዋ ከንፈሯ ላይ የሌለ ጢም ትጠመዝዛለች፤ ባሏን ልታማ ነው። ከዚያ አፋቸውን ሳያጣድፉ፣ ሳያጋንኑ፣ ቃል በቃል ይቀርጹታል። መሃል ላይ ቅንድባቸውን ያነሣሉ፤ ገባሽ? ተቀባይዋ በአገጯ ትመልሳለች። ካልገባት እንደገና፣ በሌላ ቃል።

መርፌ ዓመት ሙሉ የሰው ከንፈር ስታባርር ከርማለች። ሰው ግን ከንፈሩን ደብቆ የሚሸሽ አውሬ ነው። እዚህ ከንፈር ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ገባት። አንዱም ሳያመልጣት ገባት።

ከዚያ እናቷን አየቻት። እናቷ እጇን ትከሻዋ ቁመት ላይ ይዛለች፤ ያደገች ልጅ። የምታወራው ባልደረቦቿ ጥሩምባ ከሚሏት፣ በማሽን ጫጫታ ጆሮዋ ከከዳት ሰንበት ካላት ሴት ጋር ነው።

«ዝም አለችብኝ» ይላል የእናቷ አፍ። «አንገቷን ደፍታ ነው የምትበላው። ቤቱ ጨለመብኝ።»

«አንቺስ ምን ትያታለሽ?»

«ምን እላታለሁ? እጮኽባታለሁ። ሲደክመኝ ‹በኋላ› እላታለሁ።»

ጥሩምባ ግን የጓደኛዋ ፊት ሲጠቁር ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም። ወዲያው ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ላይ ሳብ አደረገች፤ የሌለ ሱሪ። ይህ ማለት ወሬው ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ሱሪው አልቆም የሚለው፣ ሁልጊዜ በግራ እጁ ወገቡን ይዞ በቀኝ እጁ ብቻ የሚቆጣ ሰው ነው። «ቀበቶ» ይሉታል። አሁንም በማሽኖቹ መካከል እየተንጎራደደ ነው።

«በሁለት እጁ የተቆጣ ቀን» አለ የጥሩምባ አፍ፣ «ሱሪው ከእኛ በፊት ከፈረቃ ይወጣል።»

ሴቶቹ ፊታቸው አልተፈታም። የአዳራሹ ትልቁ ሕግ ይህ ነው፤ ሳቅ ወደ ሆድ ይዋጣል፣ ቢብስ በጫማ ጫፍ ወለሉ መታ መታ ይደረጋል። ቀበቶ እዚያ አዳራሽ ሲመላለስ ስንት ዘመኑ፣ ሴቶቹ የክር ጥራት የሚመካከሩ ይመስለው ነበር። መርፌ ግን ሕጉን የነገራት የለም። ሳቋ ዓመት ሙሉ ታምቆ ቆይቷልና እንደ ተከፈተ ቧንቧ ወጣ። ሆዷን ይዛ፣ ወደ ፊት ተደፍታ ሳቀች።

ሴቶቹ ደረቁ። የቀበቶ ዓይን ከመርፌ ወደ ጥሩምባ፣ ከጥሩምባ ወደ መርፌ ሄደ። የእናቷ ክር ተበጠሰ። ቀበቶ ወገቡን እንደ ያዘ መጥቶ ፊቷ ላይ ቆመና ቀኝ እጁን አወዛወዘ።

«ምንድን ነው የሚያስቅሽ? እነዚህ ምን አሉሽ?»

አፉን ሰፋ አድርጎ ስለጮኸ አንድ ቃል አላመለጣትም። መርፌ ቀና አለች። ስንት ወር የዛገው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተሰማት። ጣቷን ወደ ጆሮዋ አድርጋ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ እንደ ሴቶቹ፣ ቀስ አድርጋ ቀረጸችለት።

«ጋሼ፣ እኔ ጆሮዬ አይሰማም። ምን ብለው ያስቁኛል?»

ቀበቶ ክፉ ሰው አልነበረም። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ይቅርታ ሊላት፣ አይዞሽ ሊላት፣ ሁለቱንም እጆቹን ከፍ አደረገ።

ሱሪው ሙሉ በሙሉ ከፈረቃ ወጣ ማለት ግነት ይሆናል። ቢሮው ድረስ አልሄደም። አንድ ስንዝር ያህል እንደ ወረደ ሰውየው ያዘው። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ጫማ ወለል ሲመታ ታይቶ አይታወቅም፤ መርፌ በእግሯ ሰማችው።

ፈረቃው ሲያልቅ ጥሩምባ ከበሩ ውጭ ጠበቀቻቸው። ውጭ ሲሆን እሷ እንደ ፋብሪካው ማሽን ጮኻ ነው የምታወራው።

«የኔ እናት፣ ልጅሽ እኮ ሰማችን!» አለች፤ መንገደኛው ሁሉ ዞረ። «እኛኑ ሰማችን! አንቺ ግን እቤት ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺባት? ይሄን አፍሽን በር ላይ ጥለሽ የምትሄጂው ለማን ብለሽ ነው?»

እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሄዱ። ሰፈር መግቢያ ሲደርሱ እናትየው ቆማ፣ ወደ መርፌ ዞራ፣ ፊቷን ለብርሃኑ ሰጠች።

«አባትሽ ነው» አለች፤ ቀስ ብላ። «እንደ ተጋባን ሰሞን ከሥራ ስመጣ እንደዚያ አወራው ነበር። ሳላውቀው፣ ለምዶብኝ። ከክፍሉ ማዶ አፌን አንቀሳቅሳለሁ፣ ድምፅ የለውም። ‹እኔ ማሽን አይደለሁም፣ ድምፅሽን አሰሚኝ› አለኝ። ድምፄን ይወድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካ አፍ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።»

መርፌ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«አባዬ አሁን ቢኖር ምን ይል ነበር?»

«እሱማ ምን ይላል። ዝም ብሎ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ አፉን ይለማመድ ነበር» አለችና እናትየው መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። ከዚያ መልሳ አደረገችውና፣ መንገዱ መሃል ላይ፣ ያለ ድምፅ፣ «ነይ እንሂድ» አለቻት።

በዚያው ዕለት ራት ላይ አጎትየው አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ታክሲው ውስጥ አንድ ሰውዬ የማያውቃት ሴትዮ ትከሻ ላይ ተኝቶ አንኮራፍቷል። ሴትዮዋ እንዳይነቃ ብላ መውረጃዋን አሳልፋለች። አጎትየው እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይተርካል። መርፌ አንገቷን ልትደፋ ስትል እናቷ ጠረጴዛውን በጣቷ ነካ አደረገችው። ቀና አለች። እናቷ በሁለት እጇ መሪ ያዘች፤ ሹፌር። ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ አፏ ሥራውን ጀመረ፤ ወሬው ከወንድሟ አፍ ሳይወርድ እሷ አፍ ላይ ይገኛል።

«... እኔም ተሳፋሪውን ሁሉ አማክሬ፣ መኪናዬን አዙሬ፣ ሴትዮዋን ደጇ ድረስ አደረስኳት» አለ አጎትየው ለመስኮቱ። «ሰዉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጨበጨበልኝ!»

«ያጨበጨቡትማ ሲወርዱ ነው» አለች መርፌ።

አጎትየው ተሽከርክሮ ዞረ። መጀመሪያ እህቱን አየ፣ ቀጥሎ መርፌን፣ ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ሰው የተደበቀ ይመስል ጎንበስ ብሎ አየ።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ጆሮዋ ተመለሰ እንዴ?»

«የሷ ጆሮ አልተመለሰም» አለች እናትየው። «የኔ አፍ ነው የተመለሰው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገር ቀና ማለት አይደለም። ብዙ ቃል ከንፈር ላይ እኩል ነው የሚመስለው፤ ፋብሪካ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ወሬ ሲሆን ይገባል፣ የክፍል ትምህርት ግን እንደ ቀበቶ ሱሪ አይጨበጥም። ስለዚህ መርፌ መሣሪያዋን አልጣለችም፤ ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ይዛ፣ አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያወራ እጇን እያወጣች፣ «ጀርባዎን አልሰማውም» ትለዋለች። ቅዳሜም አልቀረም። እናቷ ፈረቃዋን ለወጠች፤ ጥሩምባም፣ «እኔስ?» ብላ አብራ መጣች። የጥሩምባ ምልክት እንኳ ይጮኻል ይባላል፤ በመጀመሪያው ቀን «እንደምን አደራችሁ» ስትል የጎረቤቷን መነጽር ከፊቱ አውርዳዋለች። ልብስ ሰፊው መምህር ስለ ፋብሪካ አፍ ሲነግሩት አሳዩኝ አለ። አሳዩት። መጀመሪያ የወሬውን ጉዳይ ማሳየታቸው ደስ አለው። «ሰሚዎቹ ይህን ቢያውቁ ስንት ድካም ይቀር ነበር» አለ በጣቱ።

የቀረው አጎትየው ነበር። ሊማር አልፈለገም ማለት አይደለም፤ ይረሳዋል። አንድ ማታ ከመርፌ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ መሪ በመያዝ ጀምሮ፣ ትራፊክ ፖሊስና አንዲት ሙሽራ ያሉበት ረጅም ወሬ ላይ ነበር። ፖሊሱ ወደ መኪናው መስኮት ጎንበስ ሲል መብራት ጠፋ።

ጨለማ ለመርፌ እንደ ሌላው ሰው ጨለማ አይደለም። ፊት የለም፣ እጅ የለም፣ ሰው የለም። ወሬው ከጠረጴዛው ማዶ እንደሚቀጥል ታውቃለች፤ ሰው በጨለማ ይበልጥ ያወራል። ሻማ ተፈልጎ እስኪገኝ ፖሊሱም ሙሽራዋም ያልፏታል። እጆቿን ጭኗ ላይ ሰብስባ ጠበቀች።

ከዚያ ፊት ለፊቷ አንድ አስፈሪ ነገር በራ። አጎቷ ነው። የስልኩን ባትሪ ከአገጩ ሥር ወደ ላይ አብርቷል፤ አፍንጫው ግንባሩ ላይ ጥላ ጥሏል፣ ዓይኖቹ ሁለት ጉድጓድ ሆነዋል። ወደ እህቱ አልዞረም። ወደ መስኮቱ አልዞረም። በትርፍ እጁ ግማሽ መሪ ያዘ፤ ቅንድቡን አነሣ፤ የት ነበርን? ከዚያ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ ያቆመበትን ቃል ይቀርጽ ጀመር።

«አጎቴ» አለች መርፌ፣ «ወሬ ነው የጠየቅሁህ፤ መንጋጋህን አሳየኝ አላልኩም።»

የእናቷን ሳቅ አላየችውም። ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ግን በክርኗ ተሰማት። አጎትየው አፉን ትንሽ ሰብሰብ አደረገ፣ ባትሪውን ትንሽ ራቅ አደረገ፣ ፖሊሱን እንደገና ወደ መስኮቱ አጎነበሰው።